የሎረንስ በርሜሎች

ስለማነሣው ጉዳይ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኛ ዘንድ እንግዳ ሲመጣ እጁን የሚያስታጥብ እንጂ የታጠበበት ውሃ ወዴት እንደሄደ የሚጠይቅ የለም። ስለ መጸዳጃ ቤት ማውራት ግድ ሲሆን እንኳ «ይቅርታ ይደረግልኝና» ብለን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው። እኔም በዚሁ ወግ አድጌ በዚሁ ወግ እኖር ነበር፤ አንድ ቅዳሜ ጠዋት እናቴን ተከትዬ ጉልት እስከ ወረድኩበት ቀን ድረስ።

እናቴ ሰላጣ እየመረጠች ሻጭዋን «የየት ነው ልጄ?» አለቻት። «የአቃቂ ነው እማማ፤ ውሃ የጠገበ ነው፣ ይውሰዱት» አለች ልጅቱ። እናቴ የያዘችውን እስር ቀስ አድርጋ ወደ ቦታው መለሰችና፣ «ውሃውንማ አውቀዋለሁ፤ ከእኔ ቤት አይደል የሄደው?» አለች። ልጅቱ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ነገሩ ግን እውነት ነው። ግቢያችን ጥግ ያለው ጉድጓድ ሲሞላ መጣጭ መኪና ይጠራል፤ የልብሱና የዕቃው እጣቢ ግን በቦዩ አድርጎ ወደ ጅረቱ፣ ጅረቱም ወደ አቃቂ ይወርዳል። የላይኛው ሰው የደፋውን የታችኛው ሰው አትክልት ያጠጣበታል፤ አትክልቱም በቅርጫት ሆኖ ተመልሶ ወደ ላይኛው ሰው ማዕድ ይወጣል።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም፤ ዕድሜው የከተማን ያህል ነው። ነገሩን በበርሜል ከትታ መርምራ መድኃኒቱን ለዓለም ያሳየች አንዲት መካከለኛ ከተማ ግን አለች። ስሟ ሎረንስ ይባላል። የምትገኘው በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በሜሪማክ ወንዝ ዳር ነው። የሎረንስን ታሪክ ስከታተል ብዙ ጊዜ ቆይቻለሁ፤ የሚያስደንቀኝ ያገኘችው ነገር ብቻ ሳይሆን ካገኘችው በኋላ ያደረገችው፣ ይልቁንም ያላደረገችው ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቦስተን የምትኖረውን የአክስቴን ልጅ ልጠይቅ ሄጄ ሳለ፣ አንድ ቀን ወደ ሎረንስ መሄድ እንደምፈልግ ነገርኳት። «ምን ልታይ?» አለችኝ። የፍሳሽ ማጣራት ታሪክ የተጀመረበትን ቦታ ልጎበኝ መሆኑን ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና፣ «እዚያስ አጥተኸው ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ብቻ ባቡር ተሳፍሬ ሄድኩ፤ መንገዱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

ሎረንስ እንዲያው በአጋጣሚ የበቀለች ከተማ አይደለችም። በ1845 የቦስተን ባለሀብቶች ኤሴክስ የሚባል ኩባንያ አቋቁመው፣ ወንዙን ገድበው፣ በውሃ ኃይል የሚሽከረከሩ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ሊተክሉ አስበው የቆረቆሯት ናት። ስሟንም ያገኘችው ከባለሀብቶቹ ከአንዱ ከአቦት ሎረንስ ነው። በ1848 ያለቀው የድንጋይ ግድብ ዛሬም እንዳለ አለ። ድልድዩ ላይ ቆሜ ሳየው ውሃው ከግድቡ ጫፍ እንደ ነጭ መጋረጃ ይወርዳል፤ በግራና በቀኝ የሸክላ ጡብ ፋብሪካዎቹ በሰልፍ ቆመዋል። ዛሬ በጎዳናዋ ላይ የሚሰማው ስፓኒሽ ነው። በዚያን ዘመን ግን ከአየርላንድ፣ ከጣሊያን፣ ከፖላንድ፣ ከሊቱዌኒያ፣ ከሶርያ ሳይቀር እንጀራ ፍለጋ የመጣ ሠራተኛ ነበር የሞላባት። በ1890 የሕዝቧ ቁጥር ወደ 45,000 ደርሶ ነበር፤ በ1910 ደግሞ ወደ 86,000። እንግዲህ ከእኛ የክፍለ ሀገር ከተሞች አንዷን ማሰብ ይበቃል።

ይህች ከተማ ለወንዙ ሦስት ሥራ ሰጥታው ነበር። መዘውር ያዞርላታል፤ ትጠጣዋለች፤ ቆሻሻዋንም ይወስድላታል። ችግሩ ወንዙ ሎረንስ ከመድረሱ በፊት ለሌሎችም ይህንኑ ሥራ ሲሠራ መምጣቱ ነው። ወደ 15 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ከሎረንስ የምትበልጠው ሎውል አለች፤ ከእሷም በላይ ሌሎች የፋብሪካ ከተሞች ነበሩ። ሁሉም የየራሳቸውን ለቅቀው፣ የላይኛውን ይጠጡ ነበር። በዚያን ጊዜ የነበረው እምነት «የሚፈስ ውሃ ራሱን ያጠራል» የሚል ነው። እኛም አገር ያለ እምነት ነው፤ የቆመ ውሃ እንጂ ወራጅ ውሃ አያስጠረጥርም።

የሎረንስን ሥራ ለመረዳት ግን ለጊዜው አትላንቲክን መሻገር ያስፈልጋል። በ1860ዎቹ መጨረሻ ኤድዋርድ ፍራንክላንድ የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት ፍሳሽ በአፈር ውስጥ በዝግታና እያረፈ ሲያልፍ እንደሚጠራ አሳይቶ ነበር። ለምን እንደሚጠራ ግን በትክክል አልታወቀም፤ ብዙዎች አፈሩ ቆሻሻውን እንደ ወንፊት ይይዛል፣ ወይም አየር እንዲያው ያቃጥለዋል ይሉ ነበር። በ1877 ሽሌዚንግና ሙንትዝ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን አንድ ረጅም የመስታወት ቱቦ አሸዋ ሞልተው ፍሳሽ በቀስታ ያሳልፉበት ጀመር። ለሃያ ቀን ያህል ምንም ለውጥ አልታየም። ከዚያ በኋላ በድንገት በፍሳሹ ውስጥ የነበረው አሞንያ ወደ ናይትሬት ተለውጦ ይወጣ ጀመር። ይሄኔ ሰዎቹ አንድ ብልሃት መጣላቸው። ሐኪሞች ሰው የሚያደነዝዙበትን የክሎሮፎርም ተን ወደ ቱቦው ለቀቁበት። ለውጡ ወዲያው ቆመ! አሸዋ አይደነዝዝም፤ አየርም አይደነዝዝም። የሚደነዝዝ ሕይወት ያለው ነገር ብቻ ነው። እንግዲህ በአሸዋው ውስጥ በዓይን የማይታይ ሠራተኛ ነበረ ማለት ነው። እኔ በበኩሌ በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ይህን ያህል በትንሽ ነገር ይህን ያህል ትልቅ ነገር የተናገረ ሙከራ ብዙ አላውቅም።

ሠራተኛው መኖሩ ታወቀ። ምን ያህል ይሠራል? ምን ይበላል? መቼ ማረፍ አለበት? ይህን ለማወቅ ሰፊ ሙከራ ያስፈልግ ነበር፤ ይህም የሎረንስ ድርሻ ሆነ። የማሳቹሴትስ የጤና ቦርድ በ1886 እንደገና ሲደራጅ የግዛቱን ወንዞችና ኩሬዎች ንጽሕና እንዲጠብቅ ሕግ ወጣ። ከቦርዱ አባላት አንዱ ሃይራም ሚልስ ነበር፤ ግድቡን የሠራው የኤሴክስ ኩባንያ ዋና መሐንዲስ። በ1887 በሜሪማክ ዳር አንድ የሙከራ ጣቢያ ተከፈተ። ዕቃው እጅግ ቀላል ነው። ስፋታቸው ወደ አምስት ሜትር፣ ጥልቀታቸው ሁለት ሜትር የማይሞላ አሥር ክብ የእንጨት በርሜሎች ተደረደሩ። በአንዱ ደቃቅ አሸዋ፣ በሌላው ሻካራ አሸዋ፣ በሌላው ጠጠር፣ በሌላው የእርሻ አፈር እየተሞላ የከተማይቱ ፍሳሽ በልክ ይፈስበታል፤ ከታች የሚወጣው ደግሞ በየጊዜው እየተቀዳ ይመረመራል።

እዚያ የሠሩት ሰዎች በኋላ በየሙያቸው ስማቸው የገነነ ነው። የባዮሎጂው ሥራ የዊልያም ሴጅዊክ፣ የኬሚስትሪው የቶማስ ድራውን ነበር። ጣቢያውን በቅርብ ይመራ የነበረው አለን ሄዘን ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ጎረምሳ ነው። ኤለን ስዋሎ ሪቻርድስን ሳልጠቅስ ባልፍ ግን ታሪኩ ይጎድላል። በ1870 የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተቀብሏት በዚያ የተማረች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። የግዛቱ ውሃ ሁሉ በተመረመረበት በዚያ ዘመን ከ20,000 በላይ ናሙና ያለፈው በእሷ ላቦራቶሪ ነው። በ1890 ደግሞ ከኤድዊን ጆርዳን ጋር ሆና አሞንያን ወደ ናይትሬት የሚለውጡትን ተህዋስያን ለይቶ ለማውጣት በተደረገው ጥረት ከቀዳሚዎቹ አንዷ ሆናለች።

ከበርሜሎቹ ሁሉ ያስተማረው የጠጠሩ ነው። ጠጠር ወንፊት አይሆንም፤ በመካከሉ ያለው ክፍተት ቆሻሻውን ለመያዝ እጅግ ሰፊ ነው። ሆኖም ፍሳሹ በትንሽ በትንሹ፣ እያረፈ፣ በጠጠሮቹ ገጽ ላይ እንደ ስስ ቅባት እየተንሸራተተ፣ አየርም እየነካው ሲወርድ፣ ለወራት ያህል ከሚበሰብሰው ነገር 97 ከመቶውን፣ ከባክቴሪያውም 99 ከመቶውን አራግፎ ወጣ። ያ ውጤት የድሮውን እምነት ገለበጠው። ማጣራት የሚባለው ነገር ማጥለል አይደለም ማለት ነው። በጠጠሩ ላይ እንደ አተላ የሚያዳልጥ ቀጭን ልባስ አለ፤ እሱ ውስጥ የሚኖሩት ተህዋስያን ፍሳሹን ይበሉታል። የሰው ሥራ እነሱን መመገብና ትንፋሽ መስጠት ብቻ ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ከደፉባቸው ታፍነው ይሞታሉ፤ በዚያን ጊዜ ነው የሚሸተው። ጠላ ጠምቃ የምታውቅ ሴት ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ የምትፈልግ አይመስለኝም።

በ1890 መከር ሎውል ውስጥ የታይፎይድ በሽታ (የአንጀት ተስቦ) ተነሣ። ብዙም ሳይቆይ ሎረንስም ገባ። ሴጅዊክ በየቤቱ እየዞረ፣ ማን መቼ እንደታመመ፣ የማንን ውሃ እንደጠጣ እየጠየቀ፣ የበሽታውን መንገድ ወደ ላይ ተከተለው። ነገሩ ከሎውል በላይ ወደ ወንዙ ከሚገባ ጅረት ዳር ካለ መጸዳጃ ቤት ጀምሮ ሎውልን አዳርሶ፣ በሎውል ፍሳሽ ተሳፍሮ ወደ ሎረንስ የወረደ ነበር። የሚፈስ ውሃ ራሱን ያጠራል የተባለው፣ በተለይ በቀዝቃዛ ወራት፣ ሐሰት ሆኖ ተገኘ፤ ተህዋሱ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለሳምንታት መኖር እንደሚችል በዚያው ጣቢያ ተረጋገጠ።

ሚልስ አላመነታም። በበርሜሎቹ የተማረውን ይዞ አንድ ሄክታር ያህል ስፋት ያለው የአሸዋ ማጣሪያ ነደፈ፤ በመስከረም 1893 ሥራ ጀመረ። በአሜሪካ በሽታን ለመከላከል ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያው የውሃ ማጣሪያ ይኸው ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ በሎረንስ በታይፎይድ የሚሞተው ሰው ቁጥር ወደ አራት አምስተኛ በሚጠጋ ቀነሰ። ከዚህም በላይ የሚያስገርመው፣ ከታይፎይድ ጋር ግንኙነት የሌለው የመሰለው የሞት ቁጥርም አብሮ መውረዱ ነው። በዚያው በ1893 ማጣሪያ በተከፈተባት በጀርመኗ ሐምቡርግም ሐኪሙ ራይንከ ተመሳሳይ ነገር ስላየ፣ ነገሩ በሁለቱ ሰዎች ስም «የሚልስና የራይንከ ክስተት» ተብሎ ቀረ።

አንባቢ ልብ ይበሉ። የተጣራው የሚጠጣው ውሃ ነው። ፍሳሹስ? ፍሳሹ እንደ ድሮው ወደ ወንዝ ይለቀቅ ነበር። ከጣቢያው አጥር ውስጥ በየቀኑ ጥቂት ባልዲ የከተማይቱ ፍሳሽ በጥንቃቄ እየተለካ ይጣራል፤ ከአጥሩ ውጭ የቀረው ሁሉ፣ አንድም ሳይነካ፣ ወደ ሜሪማክ ይገባል። እንደ ፍራሚንግሃምና ብሮክተን ያሉ ትልቅ ወንዝ ያላደላቸው የዚያው ግዛት ከተሞች የሎረንስን ትምህርት ወስደው ለፍሳሻቸው የአሸዋ መደብ ሠሩ። ወንዝ ያላት ሎረንስ ግን አልሠራችም።

ይህ ከስንፍና ብቻ የመጣ አይደለም፤ ምክንያት ነበረው፣ ምክንያቱንም በጥሩ ቋንቋ የጻፈው ራሱ አለን ሄዘን ነው። ከጣቢያው ወጥቶ ስመ ጥር መሐንዲስ ከሆነ በኋላ በ1907 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ላይኛው ከተማ ፍሳሹን ከሚያጣራ ታችኛው ከተማ የሚጠጣውን ቢያጣራ ወጪው ያንሳል፣ ጥቅሙም ይበልጣል ብሎ ተከራከረ። በሒሳብ ካየነው የተሳሳተ አይመስለኝም። ታይፎይድን ያቆመው የውሃው ማጣሪያ እንጂ የፍሳሹ አይደለም። ነገር ግን ያ ሒሳብ ወንዙን ራሱን ከቁጥር አላስገባውም። ዓሣ የሚያጠምደውን፣ ልብስ የሚያጥበውን፣ የሚዋኘውን ልጅ አልቆጠረም። የሐኪሙ መድኃኒት እጅግ ስለሠራ በሽተኛው መታጠቡን ተወው እንደ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ክርክር ደግሞ ገንዘብ ለማያወጣ ምክር ቤት እንዴት እንደሚጣፍጥ ለመገመት ሎረንስ ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

ጣቢያው ግን ሥራውን አላቆመም። በ1912፣ ማለትም የሎረንስ የፋብሪካ ሠራተኞች ደመወዛችን ተቀነሰ ብለው ባደረጉት ታላቅ የሥራ ማቆም አድማ ከተማዋ ስሟ በዓለም በተሰማበት ዓመት፣ ሃሪ ክላርክና ረዳቱ ጌጅ ፍሳሽ በጠርሙስ እየሞሉ አየር ይነፉበት ነበር። ጠርሙሶቹ ውስጥ አረንጓዴ አልጌ በቅሎ ፍሳሹ ይጠራል። በኅዳር ወር ከእንግሊዝ ማንቸስተር ጊልበርት ፋውለር የሚባል ኬሚስት መጣ። ወደ አሜሪካ የመጣው ለኒው ዮርክ ወደብ የብክለት ጉዳይ ሲሆን፣ ሎረንስን ሳይሳለም መመለስ አልፈለገም፤ በኋላም ሎረንስን የፍሳሽ ማጣራት «መካ» ብሎ ጠርቷታል። ጠርሙሶቹን አየ፤ ሐሳቡን ይዞ ተመለሰ።

ማንቸስተር ውስጥ ዴቪሁልም በሚባለው የፍሳሽ ጣቢያ ይሠሩ ለነበሩት ለኤድዋርድ አርደርንና ለዊልያም ሎኬት ያየውን ነገራቸው። እነሱም ጠርሙሶቻቸውን ብርሃን እንዳያገኝና አልጌ እንዳይበቅል በቡናማ ወረቀት ጠቅልለው አየር ይነፉ ጀመር። የመጀመሪያው ፍሳሽ እስኪጠራ አምስት ሳምንት ያህል ፈጀ። በዚህ ጊዜ ማንም ሰው ጠርሙሱን አጥቦ እንደገና ይጀምር ነበር። እነሱ ግን ከላይ ያለውን ንጹሕ ውሃ ብቻ ቀድተው፣ ታች የረጋውን ዝቃጭ ሳይደፉ፣ አዲስ ፍሳሽ ጨመሩበት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ፈጠነ። ሦስተኛው የበለጠ ፈጠነ። ደጋግመው ደጋግመው በመጨረሻ ከ24 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ይጠራ ጀመር። እርሾ ማለት ነው! የሊጥ ዕቃዋን ሙልጭ አድርጋ የማታጥብ ባለሙያ ሴት የምታውቀውን ነገር ሁለት ኬሚስቶች በቆሻሻ ውሃ ላይ አገኙት። ሚያዝያ 3 ቀን 1914 ጽሑፋቸውን በማንቸስተር አነበቡ፤ ዝቃጩንም «የነቃ ዝቃጭ» አሉት። ዛሬ በዓለም ትልልቅ ከተሞች የሚሠራበት ዋነኛው የፍሳሽ ማጣሪያ ዘዴ ይህ ነው።

የባለቤትነት ክርክርም አልቀረም። ዘዴውን በፓተንት የያዘ ኩባንያ የአሜሪካዋን የሚልዋውኪን ከተማ ከስሶ ረታ፤ የበታች ፍርድ ቤቱም ማጣሪያው በዚያ ዘዴ እንዳይሠራ አገደ። በ1934 ይግባኙን የሰማው ፍርድ ቤት ግን ካሣው እንዲከፈል ፈቅዶ እገዳውን አነሣው፤ ማጣሪያው ቢዘጋ የከተማው ፍሳሽ በሙሉ ወደ ሐይቅ ሊገባ ነውና።

ወደ ሎረንስ እንመለስ። ሐሳቡ ማንቸስተር ደርሶ፣ አውሮፓን ዞሮ፣ አሜሪካን ሞልቶ ሳለ፣ የሎረንስ ፍሳሽ ወደ ሜሪማክ መውረዱን ቀጠለ። ፋብሪካዎቹ ያን ዕለት የሚነክሩትን ቀለም ወንዙም ይለብስ ነበር ይባላል። ቀጥሎ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ርካሽ ጉልበት ፍለጋ ወደ ደቡብ ሄዱ፤ ከተማዋ ደኸየች፤ ወንዙ ግን ቆሻሻውን እንደያዘ ቀረ። በ1960ዎቹ ሜሪማክ በአሜሪካ እጅግ ከቆሸሹት ወንዞች አንዱ ተብሎ ይቆጠር ነበር። ነገሩ የተለወጠው በ1972 የውሃ ንጽሕና ሕግ ወጥቶ፣ ከማጣሪያ ግንባታ ወጪ 75 ከመቶውን የፌዴራሉ መንግሥት እንዲሸፍን ሲደረግ ነው። ሎረንስና ጎረቤቶቿ በጋራ ያሠሩት የፍሳሽ ማጣሪያ ሥራ የጀመረው በ1977 ነው። የሙከራ ጣቢያው ከተከፈተ ልክ በዘጠና ዓመቱ መሆኑ ነው። የሚሠራውም በዚያው በነቃ ዝቃጭ ነው።

ዛሬ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሜሪማክን ውሃ አጣርቶ ይጠጣል። ችግሩ ግን ጨርሶ አልጠፋም። የድሮዎቹ ቦዮች የዝናቡን ጎርፍና የቤቱን ፍሳሽ በአንድ ላይ የሚወስዱ በመሆናቸው፣ ከባድ ዝናብ ሲጥል ሞልተው ወደ ወንዙ ይገነፍላሉ። በጥቅምት 2017 መጨረሻ ደግሞ ማዕበል ኃይለኛ ነፋስ አምጥቶ መብራት ቢጠፋ፣ ማጣሪያው ቆሞ ወደ 8 ሚሊዮን ጋሎን የሚሆን ፍሳሽ ሳይጣራ ወርዷል። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚቆም ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አያሻኝም።

የሙከራ ጣቢያው ዛሬም አለ። በርሜሎቹ የሉም፤ ሕንፃውም የድሮው አይደለም፤ የግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ ላቦራቶሪ ሆኖ በዚያችው ከተማ ውሃ ይመረምራል። ከውጭ አይቼው ተመለስኩ። ፎቶግራፍ የሚያነሣው ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።

ጠጠሮቹ ግን እኛም ዘንድ ደርሰዋል። አዲስ አበባ በደርግ ዘመን ቃሊቲ ላይ የተሠሩት የፍሳሽ ኩሬዎች ለረጅም ጊዜ የከተማዋ ዋነኛ ማጣሪያ ነበሩ፤ አቅማቸው ከሕዝቡ ቁጥር ጋር የማይመጣጠን ነበር። በቅርብ ዓመታት እዚያው በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ታስቦ በተሠራው አዲስ ጣቢያ ውስጥ፣ ፍሳሹ መጀመሪያ አየር በሌለበት ገንዳ ያልፍና ቀጥሎ በክብ ማማዎች ውስጥ እየተንጠባጠበ ይወርዳል። በስስ ልባስ፣ አየር እየነካው። የ1890ው የሎረንስ በርሜል ማለት ነው፤ አድጎ ነው እንጂ። ይሁንና ማጣሪያው የሚያጣራው የሚደርስለትን ብቻ ነው። የእኛ ግቢ መስመር ገና አልተቀጠለለትም፤ እጣቢያችን ዛሬም መንገዱን ያውቀዋል።

ከጉዞዬ ስመለስ ይህን ሁሉ ለእናቴ አወራኋት። የበርሜሉን፣ የክሎሮፎርሙን፣ የጠርሙሱን ነገር ስትሰማ ቆየችና፣ «ታዲያ መድኃኒቱን ካወቁ በኋላ ለራሳቸው እስኪሠሩ ስንት ዓመት ፈጀባቸው?» አለችኝ።

«ዘጠና» አልኳት።

ወደ ጓዳ እየገባች፣ «እንግዲያው እስከዚያ ጎመን እንቀቅላለን» አለች።